ቢጫዋ መብራትና ሦስቱ መመርመሪያዎች

ባለቤቴ በቀላሉ ቃል የምትገባ ሰው አይደለችም፤ ከገባች ግን ትጠብቀዋለች። በአንድ የጥቅምት ቅዳሜ፣ ይርጋ ጨፌን አልፈን ወደ ፍስሐ ገነት በሚያወጣው ዳገት ላይ መኪናችን ለሦስተኛ ጊዜ ስትጠፋብን፣ ጃንጥላዋን ዘርግታ ወረደች፤ በሩን በእርጋታ ዘጋች፤ ከዚያም ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብላ፣ «ያቺ ቢጫ መብራት እስክትጠፋ ድረስ እኔ እዚህ ወንበር ላይ አልቀመጥም» አለችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ሠላሳ ዓመት በአዋላጅ ነርስነት ያገለገለች ሴት ድምፅዋን ከፍ ማድረግ አያስፈልጋትም።

ብዙም ሳይቆይ እሸት ቡና ወደ ማጠቢያ ጣቢያ የሚያደርስ የጭነት መኪና ደረሰ። ሹፌሩ በአንድ ወቅት ልጁን ያዋለደችለት ሰው ሆኖ ተገኘ፤ በዚያ መንገድ ላይ ለእሷ እንዲህ ያለ ሹፌር አይጠፋም። ጋቢና አስገብቶ ይዟት ሄደ። እኔ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ፣ እንደ ምንም አስነሥቼ፣ ጥቁር ጭስ እየጎተትሁ ፍስሐ ገነት ስደርስ ምሳ ተበልቶ ነበር። የባለቤቴ ታላቅ እህት በዕድሜ ገፍታ ከቤት የማትወጣ፣ ምላሷ ግን ያላረጀ ሴት ናት። ከአልጋዋ ቀና ብላ፣ ቡናው ከእኔ ቀድሞ መድረሱን፣ ምናልባትም ታጥቦ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ሊሆን እንደሚችል ነገረችኝ።

በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ እሷን መጠየቅ፣ ጡረታ ከወጣን ወዲህ የሁለታችን ሥርዓት ሆኖ ቆይቷል። ባለቤቴ ከዲላ ስንነሣ በወረቀት የጠቀለለችውን ቆሎ ጭኗ ላይ ታስቀምጣለች፤ ጪጩን ስናልፍ የመጀመሪያውን ጭብጥ መዳፌ ላይ ታደርግልኛለች። ይህም በቀጥታ መንገድ ላይ ብቻ ነው፤ ኩርባ ሲመጣ ትከለክለኛለች። ወናጎ እስክንደርስ ስለ ልጆቻችን፣ ከወናጎ በኋላ ስለ ሰው ሁሉ እናወራለን። ቤት ውስጥ ሁለታችንም የየራሳችን ሥራ አለን፤ እሷ ከጓሮ አትክልቷ፣ እኔ ከደብተሮቼ ጋር ነን። ጨዋታችን የሚደራው መኪናዋ ውስጥ ነበር። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ግን ባለቤቴ ቆሎዋን ይዛ ከመናኸሪያው በሚኒባስ መሄድ ጀመረች፤ እኔም ቤት ቀረሁ። የጎኔን ወንበር መልሼ ለመሙላት አንድ መንገድ ብቻ ነበረኝ፤ መብራቷን ማጥፋት።

መብራቷ በዳሽቦርዱ ላይ፣ ከመሪው በስተግራ፣ ቧንቧ የተሰካበት ድስት በሚመስል ምስል የምትበራ ናት። መኪናውን የሚያውቅ ሰው ሁሉ «ሞተሩን አስመርምር» ማለቷ እንደ ሆነ ይነግራችኋል፤ ምኑን እንደሆነ ግን አትናገርም። በከተማችን ብዙ ሰው የሚያውቀው መድኃኒት የባትሪውን ገመድ ፈትቶ ማሳደር ነው። አደረግሁት። በማግሥቱ ጠፋች፤ ደስ ብሎኝ ለባለቤቴ ከመንገሬ በፊት ለማረጋገጥ ወደ ጪጩ ወጣሁ፤ ከተማው መግቢያ ላይ ተመልሳ በራች። ጎረቤቴ ደግሞ፣ በቅንነት እንጂ በተንኮል አይደለም፣ በጥቁር ፕላስተር እንድሸፍናት መከረኝ። እሱ የራሱን መኪና ሲሸፍን አራተኛ ዓመቱ ነበር። እኔ ግን ሕመምን በማዳንና በመሸፈን መካከል ያለውን ልዩነት ዕድሜዋን ሙሉ ስታስተምር ለኖረች ሴት ፕላስተር ለጥፌ «ጠፋች» ለማለት ድፍረቱ አልነበረኝም።

ወደ ጪጩ መውጫ ላይ ጋራዥ ያለው መካኒክ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ዛሬ የራሱ ልጆች ለዩኒቨርሲቲ ደርሰዋል፤ ቢሆንም ሲያየኝ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ይቆማል። ችግሬን ባጫወትሁት ጊዜ በዲላ ጋራዦች የተለመደውን ዘዴ አቀረበልኝ። ዘዴው እንዲህ ነው፦ ተመሳሳይ መኪና ለሌላ ሥራ ጋራዥ ሲገባ፣ ከእሷ አንድ ዕቃ ተፈትቶ በታመመችው ላይ ይሞከራል፤ መብራቱ ከጠፋ በሽታው ተገኘ፤ ካልጠፋ ዕቃው ይመለስና ሌላው ይፈታል። የዕቃው ባለቤትም በተራው እንዲሁ ስለሚደረግለት አይቀየምም። ይህ ምርመራ ሳይሆን ሎተሪ ነው አልሁት። እሱም ፈገግ ብሎ፣ «መምህር፣ ሎተሪም እኮ ይወጣል» አለኝ።

እኔ በሎተሪ የማምን ሰው አይደለሁም። ከብዙ ዘመን በፊት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ተምሬ፣ ከዚያ በኋላ ዕድሜዬን በሙሉ በዲላ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። በማስተማር ዘመኔ የታወቅሁበት አንድ ሕግ ነበረኝ፤ አሃድ ያልተጻፈበት ቁጥር ዜሮ ያሰጣል። አንድ ተማሪ ለጥያቄ «አምስት» ብሎ የመለሰ እንደ ሆነ፣ ሜትር ይሁን ኪሎ ግራም ካልገለጸ፣ በቀይ እስክሪብቶ «አምስት ምን? አምስት ፍየል?» ብዬ እጽፍለት ነበር። ከኋላዬ «መምህር ፍየል» እንደሚሉኝም አውቅ ነበር። አልተቀየምኋቸውም፤ ስሙ ሕጉን ያስታውሳቸዋልና። ያ መካኒክ በአንድ ሴሚስተር ብቻ አሥራ ሁለት ፍየሎች ከእኔ ተቀብሏል፤ ቁጥሩን የነገረኝ እሱ ራሱ ነው።

በቤቴ ጓሮ ዘይት እቀይራለሁ፤ ካንዴላ አጸዳለሁ፤ የፍሬን ሸራ እለውጣለሁ። የቀድሞዋ መኪናዬ ካርቡራተር ያላት ነበረችና በካቻቢቴና በጆሮ ብቻ ሃያ ዓመት ተግባብተናል። ይህችኛዋ ግን ኮምፒውተር አላት፤ ኮምፒውተሯን የሚያናግር መሣሪያ ከሌለ መብራቷ ዝም ብላ ከማፍጠጥ በቀር ምንም አትልም። ስለዚህ የራሴን መመርመሪያ ለመግዛት ወሰንሁ፤ ከመግዛቴም በፊት ካሬ ደብተር አወጣሁ።

በደብተሩ ላይ የጻፍኋቸው መስፈርቶች አሁንም አሉኝ። መሣሪያው የብልሽቱን መለያ ቁጥር ከመጥቀስ አልፎ የሞተሩን ሙቀትና ዙር በዚያው ቅጽበት ማሳየት አለበት፤ ቁጥር ብቻ የሚነግር መሣሪያ የበሽታ ስም ብቻ እንደሚጠራ ሐኪም ነው። የከተማው መብራት በጠፋ፣ ኔትወርክም በተቋረጠ ጊዜ መሥራት አለበት። ፊደሉ ያለ ማጉያ መነበብ አለበት። ሙቀትን በፋራናይት ብቻ የሚገልጽ ከሆነ ከቤቴ አይገባም። በመጨረሻም ከመኪናዋ ዕድሜ ጋር መስማማት አለበት፤ የእነዚህ መሣሪያዎች ሳጥን ከየትኛው ዓመት ወዲህ ለተሠሩ መኪናዎች እንደሚያገለግሉ ይገልጻልና።

ይህን የመጨረሻውን መስፈርት በተለይ በጥንቃቄ ሠራሁት። የመኪናዋን ሊብሬ አወጣሁ። የሥሪት ዘመን በሚለው ቦታ 1995 ተብሎ በእጅ ተጽፏል። ሳጥኖቹ ዓመት የሚቆጥሩት እንደ ፈረንጆቹ ነውና ሰባት ወይም ስምንት መደመር ነበረብኝ። ወሩ ስላልተጻፈ ትንሹን መርጬ ሰባት ደመርሁ፤ ሁለት ሺህ ሁለት ሆነ። በስሌት ላይ ሁልጊዜ ለራስ በማያደላው ወገን መቆም ይገባል። ውጤቱን በሁለት መስመር አሠመርሁበት።

የመለዋወጫ ሱቁ ባለቤት የጉራጌ ነጋዴ ልጅ ናት። ሱቁን ከአባቷ ተረክባ፣ ሻሿን አሳምራ አስራ፣ ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጣ የትኛው ብሎን በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ ሳትነሣ የምትናገር ሴት ናት። ያለኝን ፍላጎት ስነግራት ሦስት መመርመሪያዎችን ከአዲስ አበባ አስመጥታ፣ ባንኮኒው ላይ ጋዜጣ አንጥፋ ደረደረችልኝ።

አንደኛው የክብሪት ሳጥን የሚያክል ነገር ነው። ከመሪው በታች ባለው ሶኬት ይሰካና የሚያገኘውን ያለ ገመድ ወደ ስልክ ይልካል። ርካሽም ነው፤ ነገር ግን ስልኩ ላይ የሚጫን ፕሮግራም ይፈልጋል፣ ፕሮግራሙ ደግሞ ኢንተርኔት። የስልኬም ስክሪን እንደ አውራ ጣቴ ጥፍር ነበረች። ሁለተኛው በእጅ የሚያዝ፣ የሒሳብ ማሽን የሚመስል፣ ወፍራም ገመድ ያለው ነው። ኃይሉን ከመኪናዋ ይወስዳል፤ ፊደሉ ትልልቅ ነው፤ ሙቀትን በሴንቲግሬድ ያሳያል። ሦስተኛው ሙሉ ሻንጣ ነበር። በውስጡ ልዩ ልዩ ቅርጽ ያላቸው ብዙ መሰኪያዎች በየጎድጓዳቸው ተኝተዋል። የምን እንደ ሆኑ ጠየቅኋት። ለአሮጌ መኪናዎች ነው አለችኝ፤ የድሮዎቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቋንቋ አላቸው፣ ይህ ሻንጣ ሁሉንም ይሞክራል። ዋጋው ጋራዥ ላለው ሰው እንጂ ጓሮ ላለው ሰው የሚሆን አልነበረም። እኔም በመጠኑ ኮራ ብዬ፣ የእኔ መኪና አሮጌ እንዳልሆነች ገለጽሁላት።

«ሞዴሏ ስንት ነው ጋሼ?» አለችኝ።

«በፈረንጅ ሁለት ሺህ ሁለት።»

«በዚህ ስታልፍ አያታለሁ። ከዚያ በዕድሜ የምትበልጥ ይመስለኝ ነበር።»

የቡና መንገድ ጭቃ እንደሚያስረጃት ነገርኋት። አልተከራከረችኝም፤ ደንበኛ ስለ መኪናው ሲናገር መከራከር የነጋዴ ወግ አይደለም።

በሦስት ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ተመላለስሁ። በሁለተኛው ቀን የሁለተኛውን መሣሪያ መመሪያ መጽሐፍ አስፈቅጄ ቤት ወስጄ አነበብሁ። በሦስተኛው ቀን የገመዱን ርዝመት በሜትር ለካሁ። ሱቁ ውስጥ የነበሩ ሁለት የባጃጅ ሹፌሮች ሥራቸውን ትተው ያዩኝ ጀመር። ሴትዮዋም አገጯን በመዳፏ ደግፋ፣ «ጋሼ፣ ሰው ሚስት ሲያገባ እንኳ እንዲህ አይጠይቅም» አለችኝ።

«ያገባኋትን ለማስመለስ ነው» አልኋት።

ታሪኩን ስነግራት ሳቀች፤ በሳቋም መሐል ትንሽ ዋጋ ቀነሰችልኝ። በሳጥኑ ላይ ከሁለት ሺህ አንድ ወዲህ ለተሠሩ መኪናዎች እንደሚያገለግል ተጽፏል። አንድ ዓመት ትርፍ አለኝ ማለት ነው። ሁለተኛውን መሣሪያ ገዛሁ። ከጀርባዋ በተለጠፈው ካርቶን ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ሳነብም እኔን እንደማይመለከተኝ እርግጠኛ ነበርሁ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ መኪናዋን ጥላ ሥር አቁሜ፣ ከመሪው በታች ያለውን ሶኬት አገኘሁ። መሰኪያው ያለ ምንም ግፊያ ልክክ ብሎ ገባ። እንዲህ በልክ ሲገጥም በማየቴ ደስ አለኝ። ቁልፉን አንድ ደረጃ አዞርሁ፤ የመሣሪያው ስክሪን በራ፤ ነጥቦች ከግራ ወደ ቀኝ ተሰለፉ፤ ከዚያም መገናኘት አለመቻሉን አስታወቀ። ደገምሁ። ሶኬቱን በባለቤቴ አልኮልና ጥጥ አጽድቼ ሠለስሁ። እያንዳንዱን ሙከራ ከነሰዓቱ መዘገብሁ። አሥራ አንደኛው ላይ ስደርስ ባለቤቴ በረንዳው ላይ ጎመን እየቀነጠሰች፣ ታማሚዋ አልናገር ብላ እንደ ሆነ ጠየቀችኝ። ዲዳ መሆኗን ነገርኋት።

«ዲዳ አይደለችም» አለች ቀና ሳትል። «ከገጠር የመጣች ወላድ በአማርኛ ስጠይቃት ዝም ስትለኝ እኔም መጀመሪያ ዲዳ መስላኝ ነበር። በጌዴኦኛ ስጠይቃት ግን ከነአማቷ ክፋት ነው የነገረችኝ።»

ነገሩ ትንሽ አስቆጣኝ፤ መሣሪያውን ያለ መስፈርት የገዛሁት አስመሰለብኝና። ሰኞ ጠዋት ብቻዬን እያሽከረከርሁ ወደ ተማሪዬ ጋራዥ ሄድሁ። ለጥ ባለው መንገድ ብዙም አልተቸገረችም፤ የምትቸገረው ዳገት ላይ ሞቃ ሳለች ነው። ተማሪዬ መሣሪያውን አገላብጦ አየና ጥሩ ዕቃ መሆኑን መሰከረ። ሌላ መኪና ላይ ሰካው፤ ወዲያው ተናገረ። የእኔ ላይ ሰካው፤ ዝም አለ።

«መምህር፣ ሊብሬው ምን ይላል?» አለኝ።

«ዘጠና አምስት።»

«በእኛ ነው በፈረንጅ?»

በእኛ መሆኑን ነገርሁት። ሊብሬው የሀገራችን ሰነድ ነው፤ በአማርኛ ተጽፏል፤ በላዩ ያለው የተመዘገበችበት ቀንም በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ስለዚህ ይህም በእኛ ይሆናል አልሁት። እንደ ማስረጃ የቀረበው ሁሉ ትክክል ነበር። እሱ ግን ወደ ሌላኛው በር ዞረና ከሹፌሩ ጎን ያለውን ወንበር፣ ያንኑ ባዶውን ወንበር፣ ቀበቶ እስከ መጨረሻው ጎትቶ አወጣው። ከጫፉ ላይ ጣት የምታህል የጨርቅ ምልክት ተሰፍታለች፤ የጃፓን ፊደልና አንድ ዓመት ታትሞባታል። ዓመቱ 1995 ነበር። ጃፓኖች ደግሞ በእኛ አቆጣጠር አያትሙም።

ከዚያ ተማሪዬ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ድሮ በክፍል ውስጥ ያደርግ እንደ ነበረው ቀጥ ብሎ ቆመ።

«መምህር፣ ዘጠና አምስት ምን? ዘጠና አምስት ፍየል?»

ከመኪና ሥር ተኝተው የነበሩ ሠራተኞቹ ሳይቀሩ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ መጀመሪያ ስለ ክብሬ፣ ቆይቼ ግን ከልቤ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለሰው ልጅ ሁሉ ያደልሁት ፍየል ዞሮ ዞሮ ወደ በረቱ መጣ። መኪናዋን የዛሬ ሰባት ዓመት ከአንድ ወደ አዲስ አበባ የሚዛወር ባለሥልጣን ስገዛ የአራት ዓመት ልጅ ናት ብዬ ነበር፤ ለካ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። በዚያ ርካሽ ዋጋ በማግኘቴም በከተማው ውስጥ ስንት ዓመት ተመጻድቄያለሁ። ሰውየው አላታለለኝም፤ ዘጠና አምስት ነው ያለኝ፤ ዘጠና አምስትም ነበረች። ጥያቄውን ያልጠየቅሁት እኔ ነኝ።

ዓመቱን ካወቀ ለምን ቀድሞ እንዳልነገረኝ ተማሪዬን ጠየቅሁት። «እርስዎ ሲገዟት የአራት ዓመት ልጅ ናት ብለውኛል» አለ። «የመምህር ቁጥር ማን ይመረምራል?» ይህ መልስ ከፍየሉ ይልቅ ተሰማኝ።

ከዚያ ኮፈኑን ከፍቶ ከሞተሩ ጎን ያለች፣ እኔ የፊውዝ ቤት ናት ብዬ ስንት ጊዜ በጨርቅ የወለወልኋትን ትንሽ ጥቁር ሳጥን አሳየኝ። ክዳኗን ሲያነሣ በውስጧ ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። በዚያ ዘመን የተሠሩት የዚህ ዓይነት መኪናዎች መመርመሪያ እንደማያስፈልጋቸው ነገረኝ፤ ሁለት ቀዳዳዎችን በሽቦ አገናኝቶ ቁልፉን ማዞር ነው፤ ያን ጊዜ ቢጫዋ መብራት ራሷ እየበራችና እየጠፋች የብልሽቱን ቁጥር ትቆጥራለች። የቁጥሮቹን ትርጉም በማሠልጠኛ ሳለ ካባዛው፣ ዘይት ከጠጣ አንድ ገጽ ላይ አወጣልኝ። እዚያው ሊሠራልኝ ፈልጎ ነበር፤ እኔ ግን በቤቴ ልሥራው ብዬ ከተቆረጠ የመዳብ ሽቦ አንድ ጣት ያህል ተቀብዬ ተመለስሁ። አንድ ሰው ውስጥ ተቀምጦ እንዲቆጥር አሳሰበኝ።

ያ ማሳሰቢያ ነው ችግር የፈጠረው። ሽቦው ለቀዳዳዎቹ ቀጭን ስለ ነበር በፒንሳ ይዤ ካልተጫንሁት ይላቀቃል፤ እኔ ከሞተሩ ዘንድ ስሆን ደግሞ ዳሽቦርዱ አይታየኝም። በግቢው ውስጥ ከባለቤቴ በቀር ሰው አልነበረም። የመኪናዋን ትክክለኛ ዕድሜ በነገርኋት ጊዜ፣ ልጅ ናት ብዬ ዳገት ሳስሮጣት የኖርሁት አሮጊት መሆኗን ጠቅሳ ስለ መኪናዋ አዝና ነበር። ስለዚህ ለመቁጠር ፈቃደኛ ነበረች፤ ግን ከውጭ ሆና። በመስኮቱ ጎንበስ ብላ ተመለከተች። የረፋዱ ፀሐይ መስታወቱ ላይ ይንቦገቦጋል፤ መብራቷ በርታ ይሁን ጠፍታ እንኳ አልለይ አላት። በሩን ከፈተች። አንድ እግሯን አስገባች፤ አሁንም ፀሐዩ አለ። እኔ ከኮፈኑ ጀርባ ፒንሳዬን ይዤ እጠብቃለሁ። ከዚያ ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ።

«የተቀመጥኩት በሹፌሩ ወንበር ነው» አለች ከውስጥ። «ቃሌ ስለዚያኛው ነው።»

ቃሏ በትክክል ስለዚያኛው እንደ ነበር አረጋገጥሁላት። ሽቦውን አስገብቼ ያዝሁ፤ እሷ ቁልፉን አዞረች። ሰዓቷን ከእጇ ፈታ መሪው ላይ እንዳስቀመጠች በኋላ አየሁ።

«ሁለት ጊዜ ብልጭ አለች። ዕረፍት። ሁለት ጊዜ። ረጅም ዕረፍት።» ቆየች። «ሁለት። ዕረፍት። ሁለት። ሃያ ሁለት ነው የምትለው።»

እርግጠኛ መሆኗን ጠየቅሁ። የሕፃን ልብ ምት በእናቱ ሆድ ላይ ቀንድ በሚመስል መሣሪያ አዳምጣ የቆጠረች ሴት አንዲት አምፖል መቁጠር እንደማይሳናት መለሰችልኝ። ሦስት ዙር ግን ቆጠረችልኝ፤ ሦስቱም ሃያ ሁለት ነበሩ። ዘይት በጠጣው ገጽ ላይ ሃያ ሁለት ማለት የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ነው። ሴንሰሩን ተከትዬ ወረድሁ። መሰኪያው በእርጥበት አረንጓዴ ሆኗል፤ ከሁለቱ ሽቦዎች አንዱ በአንዲት የመዳብ ክር ብቻ ተንጠልጥሏል። አንዳንዴ ይነካል፤ አንዳንዴ ይለያል።

ነገሩን ለባለቤቴ አስረዳኋት፦ የሴንሰሩ ሽቦ ሲለይ ኮምፒውተሩ ሞተሩ የቀዘቀዘ ይመስለዋል፤ ለቀዝቃዛ ሞተር የሚሰጠውን ያህል ብዙ ቤንዚን ይሰጣል፤ ዳገት ላይ የጋለው ሞተር በቤንዚን ታፍኖ ይጠፋል። እሷ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው።

«ሕመምተኛዋ ደህና ናት፤ የተሰበረው ቴርሞሜትሩ ነው።»

አዲስ መሰኪያ ከዚያው የመለዋወጫ ሱቅ ገዛሁ። ሴትዮዋ ምን እንደ ደረሰ ጠየቀችኝ፤ ሳልደብቅ ነገርኋት። መሣሪያውን ለመመለስ አልጠየቅሁም፤ እሷም ካርቶኑን ዞር ብላ አላየችም። ነገር ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ ሱቋ የሚገባ ሰው የመኪናውን ዓመት ሲነግራት ከሁሉ አስቀድማ «በእኛ ነው በፈረንጅ?» እንደምትል፣ ለምን ብሎ ለሚጠይቃትም ታሪኬን ያለ ክፍያ እንደምትነግር ሰምቻለሁ። መመርመሪያውን ለተማሪዬ ሰጠሁት። ለአዳዲሶቹ መኪናዎች እጅግ ጠቅሞታል። የሰጠሁት ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ የሚያነበውን ሁሉ ከነአሃዱ በደብተር እንዲመዘግብ። አንዳንዴ እየሄድሁ አርምለታለሁ። እስካሁን ሁለት ፍየሎች አግኝቼበታለሁ።

ሽቦውን አድሼ፣ ኮምፒውተሩ የድሮውን ብልሽት እንዲረሳ ፊውዙን ነቅዬ ከመለስሁ በኋላ መብራቷ ጠፋች። ወዲያው ለባለቤቴ አሳየኋት። እሷ ግን ከወሊድ በኋላ እናት ወዲያው ወደ ቤት እንደማትላክ አስታውሳ፣ ለክትትል አምስት ቀን ወሰነችባት። አምስቱንም ቀን ጠዋትና ማታ አስነሣኋት፤ ዲላን ዞርሁ፤ ወደ ጪጩ ወጥቼ ወረድሁ። ባለቤቴ ምሽት ምሽት ወደ መኪናዋ መጥታ በመስኮቱ አይታት ትመለሳለች።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን አጥቤ ከበሩ ላይ አቆምሁ። ወደ መናኸሪያ ትሄድ እንደ ሆነ አልጠየቅኋትም፤ እሷም አልነገረችኝም። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ለእህቷ የያዘችውን አቮካዶ ከኋላ አስቀመጠች፤ ዞራ መጥታ የፊቱን በር ከፈተች፤ ከመቀመጧ በፊት ጎንበስ ብላ ዳሽቦርዱን አየች። ከዚያ ተቀመጠች። ቀበቶውን ስትስብ ጫፉ ላይ ያለችውን የጨርቅ ምልክት በጣቷ ዳሰሰቻት፤ የሳቋን ድምፅ ብሰማም ፊቴን ወደ መንገዱ አደረግሁ።

ጪጩን አለፍን። ቀጥታው መንገድ ሲጀምር ወረቀቷ ስትንኮሻኮሽ ሰማሁና መዳፌን ዘረጋሁ። ቆሎው አሁንም ትኩስ ነበር።

«ስንት እየሄድክ ነው?» አለችኝ።

«ሃምሳ ኪሎ ሜትር በሰዓት» አልኋት፤ «በእኛም በፈረንጅም።»